ቅቤ የተቀባችው ማኪና

ሾፌሩ ቢያዝን ማኪናዋን ወደ ግቢዬ ሲያስገባት አላወቅኋትም። የፊታውራሪ ዳኛው ፊያት ጥቁር ናት፤ አዲስ በመጣች ሰሞን ሴቶች በአጠገቧ ሲያልፉ በሯን እንደ መስታወት እያዩ ነጠላቸውን ያስተካክሉባት ነበር። ያን ጠዋት በበሩ የገባችው ግን ከረግረግ የወጣች ጎሽ ትመስል ነበር። ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ ቡናማ ቅርፊት ለብሳለች። በቅርፊቱ ላይ ገለባ፣ የዶሮ ላባና የሞቱ ዝንቦች ተጣብቀዋል። በሞተሩ ክዳን ላይ ደግሞ አምስቱም ጣት እንደ ተዘረጋ የሰው መዳፍ ታትሞበታል፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ።

እኔ የእንፋሎት በርሜሌ ሥር ተንጋልዬ የሚያፈስ መጋጠሚያ በገመድ እየጠመጠምሁ ነበር። ከእንግሊዝ አገር ተመልሼ ጎንደር ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የተማርሁት ደርቢ በምትባል የባቡር መጠገኛ ባለባት ከተማ ነው። እዚያ ጥላሸትና ቅባት የጠጣ ብረት በእንፋሎት ሲታጠብ አይቻለሁ፤ ብሩሽ ሳያርፍበት ቀለሙ እንደ ተቀባበት ቀን ሆኖ ሲወጣ። ይኸን ለጎንደር ማኪናዎች አደርገዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከፒያሳ በስተጀርባ፣ በጣሊያን ጊዜ የልብስ ማጠቢያ የነበረውን ግቢ ተከራየሁ፤ የዛገ የውሃ ማፍያ በርሜል ስለ ነበረበት ነው። ሰዉ ግን ማኪናውን ቀሃ ወንዝ ወስዶ በጆንያና በአመድ ማሸቱን አልተወም። እኔ «በላቸው እንፋሎት» የሚል ስም ብቻ አተረፍሁ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር እንደሚጠብቀኝ መልእክት ደርሶኛል። ማታ ማታ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ሲነጋ እንደገና እንጨት እፈልጣለሁ።

«አያ ቢያዝን፣ ምን ነካት?» አልሁት።

ከማኪናዋ ወርዶ ሕመምተኛ የተኛበት ቤት በር ይመስል በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። የሠርግ ልብሱን እንደ ለበሰ ነው።

«ቅቤ» አለ።

«የምን ቅቤ?»

«ቅቤ ተቀባች።»

ከበርሜሉ ሥር ወጥቼ ቆምሁ። ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣሁት። ትንሽ እኅቱ ማሬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ተድራ ነበር። ፊታውራሪ ዳኛው ሾፌራቸውን ይወዱታልና ሙሽራይቱን እዚያው ካለው ከእናቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት እንዲያደርስባት ማኪናዋን ሰጡት፤ እሳቸው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዱ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ሳለ እናቱ እማሆይ አዛለች ቅቤ በቅል ይዘው ወጡ።

«'የልጄን ራስ ቀብቼ እሷን ተሸክማ የምትሄደውን ልተዋት?' አለች» አለ ቢያዝን። «አዲስ ኮርቻ ይቀባል፣ አዲስ ጋሻ ይቀባል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ደግሞ ተከትሏት መጣ። እያንዳንዷ በየእጇ!»

«አንተ ዝም ብለህ አየህ?»

«ምን ልሁን? እናት በእልልታ ስትመርቅ እጇን ማን ይይዛል? አንተ ትይዛለህ?»

አልይዝም ነበር።

«ከዚያማ መንገዱ አለ። ጥር ነው፣ ደረቅ ነው። ከአዲ አርቃይ የሚመጡት የጭነት ማኪናዎች አቧራቸውን ሁሉ እኔ ላይ ደፉት። ቅቤ ደግሞ የተሰጠውን አይመልስም። ሌሊት የወገራ ብርድ አደረቀው። ይኸውልህ።»

ወደ ግራ በኩል ወሰደኝ። ከፊተኛው ጎማ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥቁሩ ቀለም ላይ ድመት የቧጨረችው የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ።

«በእንዶድና በጆንያ ትንሽ አሸሁት» አለ። «ሳየው እጄ ደረቀ።»

ነገሩ ገባኝ። የወገራ አፈር ሲደቅ ደቃቅ ድንጋይ ነው። ቅቤ አቅፎ ሲይዘው ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ ባሸኸው መጠን ቀለሙን ይልጠዋል።

«ፊታውራሪ ምን ብለው ነበር?»

ቢያዝን መልሱን ከመናገሩ በፊት ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «'እንደ ሄደች ትመለስ። ጭረት ያየሁባት ቀን ቁልፏን ታስቀምጣለህ' አሉኝ። በእንግዳ ፊት ነው ያሉት። ለብቻዬ ቢሉኝ ኖሮ ሌላ ነበር። ነገ ጠዋት አዘዞ ከአውሮፕላን ይወርዳሉ።»

ቁልፉን ካስቀመጠ የሚያስቀምጠው ሥራውን ብቻ አልነበረም። ሚስቱና ልጆቹ የሚኖሩት በፊታውራሪ ግቢ ውስጥ በሾፌር ቤት ነው። ቤቱ የቁልፉ ነው።

በዚህ መሐል በግድግዳ የምትጎራበተኝ ጽጌሬዳ ድምፅ ሰምታ መጣች። ፒያሳ ላይ ቡና ቤት አላት፤ የኋላ በሯ ወደ እኔ ግቢ ይከፈታል። ማኪናዋን አየች፣ አሸተተች፣ በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።

«እሰይ! ምነው ድልህ ረሳችሁ?» አለች። «ትንሽ ኮረሪማም ቢገባባት ሸጋ ነበር።»

«ጽጌ፣ ተይ» አልኋት።

«ምን ልተው? በላቸው፣ ዓመት ሙሉ ድስት ጥደህ የሚበስል ነገር አጥተህ ነበር። ይኸው ቅቤዋን ይዛ መጣችልህ።»

ቢያዝን ባይስቅም አልተቆጣም። ነገሩን ነገርኋት። ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ ሚስቱን ታውቃታለች።

«ታዲያ ሙቅ ውሃ አፍስሱባት» አለች።

«ስመለስ አምባ ጊዮርጊስ ሞክሬው ነበር» አለ ቢያዝን። «ይቀልጣል፣ ዝቅ ብሎ ይረጋል። አፈሩን ይዞ ነው የሚረጋው።»

«በላምባስ?»

«ላምባ ቅቤውን ያሟሟዋል» አልኋት፤ «አፈሩን ግን ቀለሙ ላይ ይተወዋል። ከዚያ መጥረግ ይመጣል። መጥረግ ከመጣ ያው ነው።»

ሁለቱም ወደ በርሜሌ ዞሩ። እኔም ዞርሁ። ያን በርሜል እንደዚያን ቀን ፈርቼው አላውቅም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አሮጌ የማኪና በር ላይ ሞክሬው ቀለሙ በእሳት እንደ ተገረፈ ቆዳ ፊኛ አውጥቶ ነበር። ለቢያዝን ነገርሁት። ቀርቤ ስለ ያዝሁት ይሁን፣ ብረቱ ፀሐይ ላይ ስለ ዋለ ይሁን፣ ወይም እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር ይኑር በእርግጥ እንደማላውቅ ነገርሁት። ደርቢ ያየሁት ብረት የባቡር ነው፤ የባቡር ቀለምና የዚች ቀለም አንድ መሆናቸውን ማን ነገረኝ? ጎንደር ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ከደርቢ ይዤው የመጣሁት ልክ ሁሉ እዚህ ተዛንፎብኛል።

«ፊኛ ካወጣች ጭረት አይደለም የሚሆነው፣ አያ ቢያዝን። ማኪናዋ ትላጣለች። ይቅርብህ።»

ቢያዝን አላለቀሰም፤ አልለመነኝም። የተቧጨረውን ቦታ በጣቱ ሳይነካ በላዩ አለፈ።

«ብትተዋት ጠፋሁ» አለ። «ብትነካት ምናልባት እጠፋለሁ። ምናልባት ይሻለኛል።»

ከዚያ በኋላ መጠራጠሬን ተውሁ ብል ውሸት ነው። እየተጠራጠርሁ እጅጌዬን ሰበሰብሁ።

መጀመሪያ ማኪናዋን ከፀሐይ አውጥተን ልብስ ይሰጣበት በነበረው ዳስ ሥር አስገባናት፤ ብረቷ እኩል እንዲበርድ። እሳት አነደድሁ። በርሜሉ መጮህ ሲጀምር የኋላውን የዕቃ መክደኛ ከፈትሁና ቅቤ ባልደረሰበት በውስጥ በኩል ለመሞከር ቧንቧውን አቀናሁ። በርሜሉ አንዴ አሳለና ቡናማ ውሃ ተፋ። የዛገ ብረት ስባሪ ያለበት ውሃ ነው። ቀለሙ ላይ ተረጨ።

«ይኸ ነው እንግዲህ ንጽሕናው?» አለች ጽጌሬዳ።

ስባሪውን በነጠላ ጫፍ አንድ በአንድ ለቀምሁት። ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እንፋሎቱ ውሃ ይዞ እየወጣ ነው፤ ውሃው የበርሜሉን ዝገት ይዞ ይመጣል። መሐል ላይ አረፍ የሚልበት ነገር ያስፈልጋል። ውሃው ከከበደው ወደ ታች ይወድቃል፣ እንፋሎቱ በላይ ይወጣል። የሚያርፍበት ዕቃ ግን ክዳኑ የሚገጥም መሆን አለበት።

«ጽጌ፣ የወተት ቢዶንሽን ስጪኝ።»

«የምን ቢዶን?»

«የወተቱን። ባለ ክዳኑን።»

«ወተቱንስ በምን ላስመጣ? በባርኔጣህ?»

«ጽጌ።»

«እሺ፣ እሺ። ትመልሰዋለህ ግን።»

«ልበሳው ነው።»

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ቢያዝንን አየችና ስትሳደብ ሄደች። ስትመለስ ቢዶኑ ታጥቦ ነበር። መሐል ወገቡን በስቼ ከበርሜሉ የሚመጣውን ቧንቧ ከተትሁበት። ክዳኑን በስቼ የሚወጣውን አደረግሁ። ከታች ለሚጠራቀመው ውሃ ትንሽ ቀዳዳ በውታፍ ዘጋሁ። መጋጠሚያውን በእርሳስ በየድሁ፤ በላዩ እርጥብ ቆዳ ጠፈርሁበት። ቢያዝን ቆዳውን በጥርሱ ይዞ ይጎትትልኝ ነበር። ሁለቴ ፈነዳብን፤ ሁለቴ እንደገና ጠፈርነው። አንድ ጊዜ ክንዴን ለበለበኝ። ሦስተኛው ያዘ።

እንፋሎቱ አሁን ሳያስል ነጭ ሆኖ እኩል ይወጣ ጀመር። ወደ ማኪናዋ ከማቅናቴ በፊት መዳፌን ፊቱ ዘረጋሁ። ቀረብ ሲል አይቻልም። እስከ ክርን ርቀት ስወስደው ሙቀቱ ይቻላል፤ መዳፌ ረጠበ እንጂ አልተቃጠለም። ሌላ መለኪያ አልነበረኝም። እጄ የቻለውን ቀለሙም ይችላል ብዬ ወሰንሁ። ያንኑ ርቀት ይዤ፣ አንድ ቦታ ሳልቆም፣ የዕቃ መክደኛውን ውስጥ አዳረስሁት። አንዳችም ፊኛ የለም። ጥቂት ቆየን፤ ብረቱ በረደ፤ አሁንም የለም።

«ጣሪያው» አልሁ።

ጣሪያው ላይ ቅርፊቱ መጀመሪያ አልነቃነቅም አለ። ከዚያ ላብ ላብ አለው። ከዚያ ከዳር በኩል ተንሸራተተ፤ ቅቤው ቀልጦ አፈሩን እንዳቀፈ በመስኮቱ ጥግ እንደ ቡናማ ሰም ጠብ ማለት ጀመረ። ዳሱ በሙሉ በለጋ ቅቤ ሽታ ተሞላ። ጽጌሬዳ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ሰጠችን። ቢያዝንም የሠርግ ነጠላውን አውልቆ ጨመረ። የሚወርደው እንዳይረጋ ጨርቁ ከታች ይቀበለዋል፤ የቀረውን ጨርቁን ጣል አድርጎ ማንሣት ነው። አንዴ የተነሣ ጨርቅ በንጹሕ ፊቱ ካልሆነ አይመለስም።

«ማንሣት ነው» አልሁት ቢያዝንን። «መጥረግ የለም። ማሸት የለም። ጨርቁን መጎተት እንኳ የለም።»

«ገብቶኛል።»

አልገባውም ነበር። የመስኮቱ ጥግ ላይ አንድ እልኸኛ ጉብታ ቀርቶ ነበር። እኔ ውታፉን ነቅዬ የቢዶኑን ውሃ ሳፈስ ቢያዝን ጨርቁን ጨብጦ ክንዱን ከፍ ሲያደርግ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት።

«እጅህን!» ብዬ ጮኽሁ። ቧንቧው ከእጄ ወደ ሰማይ ዞረ፤ ዳሱ በጉም ተሸፈነ። ከጉሙ ውስጥ ድምፁ መጣ።

«ሳይታሽ እንዴት ይጠራል? እናቴ ድስቷን አሽታ ነው። ቄሱ መስቀሉን በሎሚ አሽቶ ነው። እኔ ጫማዬን... የሚጠራ ነገር ሁሉ ታሽቶ ነው የሚጠራ!»

«ፓራፋንጎውን አሽተኸው የለም? ጠራ?»

ጉሙ ሲገለጥ ቢያዝን ጨርቁን ጥሎ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ከታጠቀው መቀነት ውስጥ ሸጉጦ ቆሟል።

«ሸጋ» አለች ጽጌሬዳ። «እንደ ሌባ ታስሮ ይዋል።»

ቧንቧውን ዝቅ አድርጌ ቀረብሁት። ከዚያ «ልጆችህ ዓይናቸውን ሲታመሙ እንዴት ነው የምትጠርግላቸው?» አልሁት።

«ጨርቁን አርጥቤ ጣል አድርጌ... ቆይቼ አነሣለሁ።»

«ማኪናዋ ዓይን ናት።»

እጁን ከመቀነቱ አወጣ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ አልጮኽሁበትም።

ጣሪያው፣ በሮቹ፣ ጀርባዋ እያለ ጥቁሩ በየቁራጩ ብቅ አለ። የኋላው የግቢ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከቀሃ ወንዝ ዳር ማኪና የሚያሹት ሰዎችም መጥተው ነበር። አንደኛው «በእንፋሎት የሚታጠብ ኃጢአት ነው እንዴ?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ሌላው «ዝም በሉ፣ ወጧ እንዳያር» አለ። እኔ ወደ እነሱ አልዞርሁም። እያንዳንዱን ቁራጭ ስጨርስ ጎንበስ ብዬ በአግድም አየዋለሁ፤ ፊኛ እጠብቃለሁ። ፊኛው ሲቀር ደስ በማለት ፈንታ ቀጣዩ ላይ ይወጣል ብዬ እፈራለሁ። እየፈራሁ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ።

የሞተሩ ክዳን መጨረሻ ቀረ። ሴቶቹ ቅቤውን ከሁሉ ያበዙት እዚያ ነው። ቧንቧውን ሳቀና ቢያዝን ክንዴን ያዘኝ።

«ይቺ የእናቴ ናት» አለ። አንዷን መዳፍ አሳየኝ፤ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ተቆልምማለች። «እህል ስትወቅጥ የተሰበረች ጣቷ ናት። በላቸው... ምርቃቷ አብሮ ይታጠባል?»

ይኸን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አልገባሁም።

«አያ ቢያዝን፣ ይስሙኝማ» አለች ጽጌሬዳ፤ አሁን አላፌዘችም። «ሙሽራዋ በደኅና ደረሰች?»

«ደረሰች።»

«እንግዲያ ምርቃቱ ሥራውን ጨርሷል። የቀረው ቅቤ ነው።»

ክንዴን ለቀቀ። ከዳር ጀምሬ ወደዚያች መዳፍ ቀስ እያልሁ ሄድሁ። ግማሹን እንዳደረስሁ ግን የእንፋሎቱ ድምፅ ቀነሰ። እሳቱ ሥር አመድ ብቻ ነው፤ የፈለጥሁት እንጨት አልቋል። ቅቤው በግማሽ ቀልጦ ቆሟል፤ ከረጋ ከአፈሩ ጋር እንደ ስሚንቶ ይይዛል፣ የወረደውም በጸዳው ላይ ይጋገራል።

ጽጌሬዳ የራሷን እንጨት ልታመጣ ሮጠች፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር፣ ጭስ ብቻ ሆነ። ወደ ክፍሌ ገባሁ። አልጋዬ አጠገብ ከእንግሊዝ አገር ዕቃዬን ይዤበት የመጣሁት የጥድ ሣጥን አለ፤ ለአዲስ አበባው መንገድ ግማሽ ዕቃ ከትቼበት ነበር። ዕቃውን አልጋው ላይ ገለበጥሁት። ሣጥኑን በመጥረቢያ ፈልጬ እሳቱ ሥር ከተትሁት። ደረቅ ነበር፤ ወዲያው ተንበለበለ። በርሜሉ እንደገና መጮህ ጀመረ።

የእማሆይ አዛለች መዳፍ ከሁሉ መጨረሻ ተንሸራታ ወረደች። ቢያዝን ጨርቁን ዘርግቶ ተቀበላት።

ፀሐይ ወደ ደምቢያ ስታዘቀዝቅ ማኪናዋን ወደ ግቢው መሐል ገፍተን አወጣናት። ጥቁር ነበረች። ሰማዩና ባሕር ዛፎቹ በሞተሩ ክዳን ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። ቢያዝን ጎንበስ፣ ቀና እያለ በብርሃን አንጻር ዞራት። እኔም ዞርኋት። በር ላይ የነበሩት ሰዎችም ሳይጠሩ ገብተው ዞሯት፤ የሳቀ አልነበረም። ከግራው ፓራፋንጎ በቀር አንድ መስመር አልተገኘም። ሌላው ከመጥራቱ የተነሣ ግን ያቺ ሁለት መዳፍ የምታህለው ቦታ አሁን ከሩቅ ትጮኻለች።

«ጥቁር የጫማ ቀለም አለኝ» አለች ጽጌሬዳ። «አንድ ጊዜ ቢነካ ማን ያየዋል?»

ቢያዝን ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን እንደገና አየ። የሚያጣው ቤት የእሱ ነውና ፍርዱን ለእሱ ተውሁ።

«አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «ቅባት ቀብተን ነው እዚህ የደረስነው።»

በማግስቱ ጠዋት አብሬው አዘዞ ወረድሁ። «ነገሩ ቢከፋ ለሚስቴ አንተ ትነግራታለህ፤ እኔ አፌ አይችልም» ስላለኝ ነው። ከአውሮፕላኑ ማረፊያ ሜዳ ዳር ሊቀበሉ የመጡ ሰዎች ቆመዋል። ፊታውራሪ ዳኛው ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። እጅ ነሣናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ዓይናቸው ማኪናዋ ላይ አረፈ። ከዘራቸውን ለአንድ ሰው ሰጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከቀኝ በኩል መዞር ጀመሩ። ጣሪያዋን አዩ፣ ጀርባዋን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በግራ በኩል መጥተው ቆሙ።

«ይኸ ምንድር ነው?»

ቀና አሉና እኔን አዩ።

«አንተ የእንፋሎቱ ሰውዬ አይደለህም? ገና ከአውሮፕላን ስወርድ ማኪናዎን ቀቀሏት አሉኝ። እንፋሎትህ ነው የቧጨራት?»

አዎ ብል ቢያዝን ይድናል፤ ነገ ጠዋት ግን ግቢዬ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ጎንደር ላይ ማንም በእንፋሎት የሚታጠብ ነገር አያመጣልኝም። አይደለም ብል የቀረው ጥፋተኛ አንድ ሰው ብቻ ነው። እንደ ልማዴ ነገሩን በሁለት በኩል መመዘን ጀመርሁ። ከዚያ አፌን ከፈትሁ፤ «አዎ» ልል ነበር።

«የእኔ እጅ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቢያዝን።

«ምን?»

«የእኔ እጅ ነው። እኔ ያሸሁት ቦታ ይኸ ብቻ ነው። ሌላውን እሱ ሳይነካ ነው ያጠበው።» ቅቤውንም፣ እናቱንም፣ የሴቶቹንም እጅ ሳይደብቅ ነገራቸው። ተቀባዮቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ፊታውራሪ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በመስመሮቹ ላይ አሳለፉ። ከዚያ ጥፍራቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉ፤ የሚይዘው ነገር አላገኘም። ቀና ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ቢያዝን ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። ፊታውራሪ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገብተው ተቀመጡ። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው፤ እሳቸው መንዳት አያውቁም። ተቀባዮቹ በበቅሎና በእግር የመጡ ናቸው። ፀሐይ ጥቁሩን ጣሪያ ማሞቅ ጀመረች።

«አንተ» አሉኝ በመስኮቱ። «ፈረንጅ አገር የኖርህ። መንዳት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ንዳ።»

ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ አጭርና ግልጽ የሆነ ነገር ተጠይቄ አላውቅም። መመዘኛ አላስፈለገኝም።

«አልነዳም» አልሁ።

ሳቁ ሁሉ ቆመ። «ምን አልህ?»

«ማኪናዋን ላጥባት እችላለሁ። ሾፌሯ ግን እሱ ነው።»

ፊታውራሪ ወደ እኔ አላዩም፤ ወደ አስፓልቱ አዩ። ወርደው በእግር እንዳይሄዱ ይኸ ሁሉ ሰው ቆሟል። ቃላቸውን እንዳያጥፉ ይኸው ሰው ቆሟል። በቅሎ እንዳይለምኑ ማኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ካባቸውን አውልቀው ጎናቸው አስቀመጡ። ግንባራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቁልፉ በመስኮቱ ወጣ።

«እስከ ቤት ድረስ» አሉ። «ቃሌ ቃል ነው። እስከ ቤት ብቻ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ቢያዝን። «እስከ ቤት።»

ቤት ሲደርሱ እሑድ እስከ ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርሳቸው ነገሩት፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉ የሚቀመጠው። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ተዝካር ቤት፣ ከተዝካር ቤት እስከ ፍርድ ቤት። ሚስቱ ዕቃዋን ሁለቴ ጠቅልላ ሁለቴ ፈታችው፤ ሦስተኛውን ጊዜ አልጠቀለለችም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት የማኪና ድምፅ ሰማሁ። ቢያዝን ነው። ማኪናዋ የአምባ ጊዮርጊስን አቧራ ለብሳለች፤ ቅቤ ግን የለባትም።

«በእጅህ እንዳትነካት፣ እሱ ያጥባት ብለውኛል» አለ ሲወርድ። «እስከ በላቸው ግቢ ድረስ ሂድ አሉኝ።»

«መመለሻውንስ?»

ቢያዝን ጢሙን እየዳሰሰ አሰበበት።

«እሱን አልነገሩኝም» አለ። «መጀመሪያ አንተ ጨርስ።»